ባለ ክሮቹ ዕቃዎች

ማዕያን የቆሻሻውን ላስቲክ በፕላስቲክ ዕቃ ጠቅጥቃ ልትቋጥረው ስትል አባ ሀብቱ ከገደራ እያለቀሱ ደረሱ።

ሸዋዓለም መሬት ከተነጠፈው ፍራሽ ሳትነሳ ተቀበለቻቸው። እናቷ ወለላ የተቀበረችው በዚህ ሳምንት ነው። እዚህ እስራኤል፣ ቂርያት ማላኪ ያለው ቤቷ የመንግሥት ስለሆነ ልቅሶው እንዳበቃ ቁልፉ ይመለሳል፤ ሐዘንተኛ ደግሞ ሥራ አይነካም። ስለዚህ «የማይረባውን ሁሉ ጣይው» ብላ ልጇን ማዕያንን ጓዳ ያስገባቻት ራሷ ነች። ማዕያን ደግሞ ለመጣል አታመነታም።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብለው ከተቀመጡ በኋላ የአባ ሀብቱ ዓይን ላስቲኩ ላይ አረፈ።

«ያ ቢጫ ክር የታሰረበት የኔ ነው» አሉ።

«የርስዎ?»

«ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ወለላ ወጥ የምትልክልኝ በሱ አልነበር? እኔም ከጓሮዬ ሮማን ሞልቼ እልክላት ነበር። የሰው ዕቃ ባዶውን መመለስ አይሆንላትም ነበር። አረንጓዴው ያቭኔ ያለችው የደባሱ ነው።»

ማዕያን ዕቃውን አውጥታ ዘረጋችላቸው። «ቤሰደር፣ ሳባ» አለች፣ በዕብራይስጥ «እሺ፣ አያቴ» ማለቷ ነው፤ «ይውሰዱት።»

አባ ሀብቱ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ከልቅሶ ቤት ዕቃ አይወጣም፣ ልጄ። ደግሞስ ባዶውን?»

እሳቸው ሲሄዱ ሸዋዓለም ላስቲኩን አስመጥታ ፍራሹ ላይ ዘረገፈችው። የአይስክሬም ዕቃ ታጠራቅማለች እያለች እናቷን ስንት ጊዜ ወቅሳታለች። ለካ ሁሉም በክሩ የሚታወቅ ባለቤት ያለው፣ እስኪሞላ ተራውን የሚጠብቅ ነው። ቀይ ክር ያለበትን ግን አወቀችው፤ የራሷ ነው። ማዕያን ጡት ሳትጥል፣ እሷም ፋብሪካ የማታ ፈረቃ ስትገባ፣ እናቷ ምስር ወጥ ይዛ በአውቶቡስ ጋን ያቭኔ ድረስ ትመጣላት ነበር። አንድ ቀን አፍራ «እማዬ፣ ምን ሞልቼ ልመልስልሽ?» ስትላት ወለላ ሳቀች።

«የልጅ ዕቃ ነውር የለውም። ባዶውን አምጪው።»

ከዚያ ወዲህ ባዶ እየሰጠች ሙሉ ስትቀበል ኖረች።

«ተመስገን፣ እንዲህ ያለች እናት ሰጥተኸኛል» አለች ሸዋዓለም፣ ድምፅ አውጥታ።

ከሐዘን የተነሱ ዕለት እናትና ልጅ የወለላን የተረፈ ምስር በትልቁ ድስት ሠሩት። አልጋው ለጎረቤት ተሰጠ፣ የተሰበረው ቁም ሣጥን ተጣለ፤ ባለ ክሮቹ ግን ተሞልተው በመኪና ወደየባለቤቶቻቸው ሄዱ። አባ ሀብቱ ክዳኑን ከፈት አድርገው አሸተቱ።

«የሷው ነው» አሉና መልሰው ከደኑት።

መጨረሻ የቀረው ባለ ቀይ ክሩ ነው። ሸዋዓለም ማዕያን ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«ኢማ» አለች ማዕያን እናቷን በዕብራይስጥ ጠርታ፤ «እኔ ምን ሞልቼ ልመልሰው? ሻይ እንኳ በቅጡ አላፈላ።»

«ባዶውን አምጪው» አለቻትና የላላውን ክር ጠበቅ አድርጋ አሰረችው።