ዱቄት የጫኑ የሠርግ ፈረሶች

የእርዳታ ሠራተኛዋ ወርቅአየሁ ከግምጃ ቤት ከተማ ማዶ ላለችው መንደር የሕፃናት አልሚ ዱቄት ይዛ ስትሄድ ይህ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ዱቄቱን እንደያዘች ወደ መጣችበት ቆሰበር ተመልሳለች። ጥፋቱ የዱቄቱ አልነበረም፤ ከፊት ከፊቱ መትረየስ የተጠመደባት ፒካፕ ትሄድ ነበር። መንደርተኛው ፒካፗን ሲያይ ልጁን አዝሎ ቀርከሃው ውስጥ ይገባል። አጃቢ ወታደሮቹ ባዶ መንደር ይጠብቃሉ፤ እሷም ባዶ መንደር ትመዘግባለች። ዛሬም ካልታደለ ዱቄቱ ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል ተብላለች። የሕፃናቱ ክንድ እንደሰለለ ግን የያዘችው የስም ዝርዝር ላይ ተጽፏል።

ስለዚህ ከመንደሩ በታች መኪናውንም ፒካፗንም አስቁማ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አለቃ የሆኑትን አያ ደሴን ለመነች።

“ፈረሶቻችሁ ዱቄቱን ያድርሱልን።”

“ፈረሳችንን አህያ አደረግሽው?” ብለው ተቆጡ። ጥቂት አሰቡና ግን ፊታቸው በራ። “ያጌጠ ግላስ እናልብሳቸዋ! ግላስ የለበሰ ፈረስ ሠርግ ነው። ከሠርግ የሚሸሽ አገው አላየሁም።”

የአጃቢዎቹ አዛዥ መቶ አለቃ እንግዳው አሻፈረኝ አለ። “ያለ አጃቢ አንድ ከረጢት አይንቀሳቀስም፤ ትእዛዝ ነው።”

“አጅብ እንጂ ልጄ!” አሉ አያ ደሴ። “ግን በፈረስ ነው። ጠመንጃውንም እዚሁ ተወው፤ የምትቀመጥበት ፈረስ፣ ቦራ፣ ደንጋጣ ነው።”

መቶ አለቃው ፈረስ ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ ይህን በወታደሮቹ ፊት ከሚናገር ግን ሞቱን ይመርጣል። ጠመንጃውን ለወታደሮቹ ሰጥቶ ወጣ። ቦራ ሁለት እርምጃ ሲራመድ ልጓሙን ጥሎ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ።

ሃያ ፈረሰኛ ከፊቱ አንዳንድ ከረጢት ይዞ፣ ቃጭሉን እያንቃጨለ ሲገባ፣ የመኪና ድምፅ ሰምቶ ሸሽቶ የነበረው አገር እልል እያለ ከቀርከሃው ወጣ። ሙሽራ ቢፈልጉ ያገኙት የፈረስ አንገት ያቀፈ ወታደር ነው። ሴቶቹ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ወርቅአየሁም እየሳቀች ስም መጥራት ጀመረች።

ካሳነሽ የምትባል እናት ከረጢቷን ተቀብላ፣ ያዘለችውን ከሲታ ልጅ አወረደች። ሳቋ ገና አላለቀም ነበር።

“አሁን ሰው መሰልህ” አለችው መቶ አለቃውን። “ያኔ ሁለት ጊዜ ስትመጡ፣ ቀርከሃው ውስጥ ሆኜ እንዳያለቅስ አፉን ይዤው ነበር። ለካ ምግቡን ነው የያዛችሁለት።”

መቶ አለቃው ከቦራ ወረደና የቀሩትን ከረጢቶች አብሯቸው አከፋፈለ።

ሲመለሱ አያ ደሴ ፈረሱን ቢያቀርቡለት በእግሬ ይሻለኛል አለ። መኪናው ጋ ሲደርሱ ወርቅአየሁን ቀስ ብሎ ጠየቃት።

“የሚቀጥለው መቼ ነው?”

“በወሩ።”

“ፒካፗ እዚሁ ትቆማለች” አለ ወገቡን እያሸ። “እኔም እስከዚያ ፈረስ እለምዳለሁ።”