እስከ ጳጉሜ አምስት

የአውራጃ ከተሞች ሊግ ተወልዶ እስኪሞት አንድ ዓመት ከአራት ወር ብቻ ነው የፈጀበት። በ1964 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ዐሥር ከተሞችን ይዞ ተነሣ። የጅማ ቡድን ዲላ ለመድረስ ሁለት ቀን፣ የዲላ ቡድን ደሴ ለመድረስ ሦስት ቀን አውቶቡስ ላይ ይውላል፤ ተጫዋቹ ሜዳ የሚገባው እግሩ አብጦ ነው። ድልድይ ሲሰበር ጨዋታ ይተላለፋል፤ የተላለፈው ጨዋታ ቀኑ ሲደርስ ሌላ ድልድይ ይሰበራል። በዚህ ዓይነት ሰኔ ላይ ያልቃል የተባለው ውድድር ነሐሴንም አልፎ ሄደና የመጨረሻው ጨዋታ፣ ዲላ ከጅማ፣ ጳጉሜ 3 ቀን ላይ ወደቀ።

አመለወርቅ ያን ቀን ጠዋት የተጫዋቾቹን ካርዶች ጠረጴዛ ላይ ደርድራ የአሰላለፍ ዝርዝር ስትጽፍ እጇ በድንገት ቆመ። የዲላ ቡድን ጸሐፊ እሷ ነበረች። አዲስ አበባ ጽሕፈት ተምራ ዲላ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደመወዝ ክፍል ስትሠራ አምስተኛ ዓመቷ ነው፤ የእጅ ጽሑፏ ያምራል ተብሎ የቡድኑ ወረቀት ሁሉ ለእሷ ተሰጣት። ዐሥራ ስድስቱንም ካርድ የሞላችው ራሷ ናት። ከፎቶግራፉ ሥር «የሚያገለግለው ከመስከረም 1 እስከ ነሐሴ 30 ቀን 1964 ዓ.ም.» ይላል።

ደመወዝ ክፍል ውስጥ ዓመት ዐሥራ ሁለት ወር ነው። ጳጉሜ አይከፈልበትም፣ አይፈረምበትም፣ መዝገቡ ላይ ቦታ የለውም። አመለወርቅ ጳጉሜን ረስታው አልነበረም፤ እጇ ስለማያውቀው ነው።

ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጀመራል። በእነዚህ ካርዶች ግን ዲላ አንድም ተጫዋች የለውም። ዳኛው ካነበበው ጨዋታው በፎርፌ ለጅማ ነው።

«አሜ! ካልሲዬን የት አደረግሽው?» አለ ይርጋ ከጓዳ።

«ገመዱ ላይ ነው።»

«ርጥብ ነው እኮ!»

«ታዲያ ዛሬ ደረቅ ኳስ ሊመጣልህ ነው?»

ሲስቅ ሰማችው። ይርጋ ባሏ ነው፤ የቡድኑ በረኛም ነው። በአዘቦት ቀን የቡና ነጋዴውን የአቶ እንግዳን የጭነት መኪና ይነዳል፤ ከኮንጋና ከአሪቻ ቡና ጭኖ በዚያ ጭቃ ወደ ዲላ ይወርዳል። ባለፈው ኅዳር የኋላ ጎማው ገደል አፍ ላይ ተንጠልጥሎበት በገመድ ነው የተጎተተው። ለእሷ እንደ ቀልድ ነው ያወራላት። ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤት ተቀምጣ እንኳ ጆሮዋ መንገዱ ላይ ነው። የእሱን መኪና ከሌላው ትለያለች፤ ዳገቱ ላይ ማርሽ ሲቀይር ስትሰማ ትንፋሿ ይመለሳል።

አቶ እንግዳ የቡድኑም ፕሬዚዳንት ስለሆነ በግንቦት ወር በሰው ፊት ቃል ገብቶ ነበር። «ቡድናችን ሊጉ ውስጥ ከቆየ ይርጋን ከመኪናው አወርደዋለሁ። እዚሁ ዲላ መጋዘን ሚዛን ላይ ይቁም። በረኛዬን ገደል ለገደል አላንከራትትም።» ለመቆየት ዛሬ አቻ ይበቃል። ከወረዱ ግን ይርጋ በጥቅምት፣ ቡናው ሲደርስ፣ ተመልሶ መሪው ላይ ነው።

የይርጋ የጢም ምላጭ መስኮቱ ላይ ነበር። የተሳሳተ ቁጥር እንዴት እንደሚፋቅ ታውቃለች፤ መሥሪያ ቤት ሁሉም ያደርገዋል። ምላጩን አጋድሞ ቀስ ብሎ መፋቅ፣ ከዚያ በጥፍር ጀርባ ማለስለስ ነው። የላይኛውን ካርድ ሳበች። የበረኛው ነው፤ ቁጥር አንድ ስለሆነ ከላይ የነበረው እሱ ነው። ለራሷ ያለችው እንደዚያ ነው።

«ነሐሴ 30» ተፋቀ። «ጳጉሜ 5» ተጻፈ። ወረቀቱ ግን ስስ ነበረ፤ ቀለሙ እንደ ሣር ሥር ወዲያና ወዲህ ተዘረጋ። አመለወርቅ ለረጅም ጊዜ አየችው። የቀሩትን ዐሥራ አምስቱን እንዲህ ማድረግ አልቻለችም። ምላጩን ቦታው መለሰች፣ ካርዶቹን በላስቲክ አሰረች። ዳኛው ቀኑን ላያነብ ይችላል፤ ማንስ ያነባል?

ይርጋ ርጥብ ካልሲውን ትከሻው ላይ ጥሎ ወጣ።

«ምነው፣ ላብ ላብ አለሽ?»

«ምንም።»

«ጎል የሚገባብኝ እኔ፣ የምትፈሪው አንቺ!»

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ዝናቡ ወረደ። በሌላ ቀን ቢሆን ሕዝቡ ወደየበረንዳው ይሮጥ ነበር። ዕለቱ ሩፋኤል ነውና እናቶች ልጆቻቸውን እየገፉ ወደ ዝናቡ አወጧቸው፤ ፕሮቴስታንቱም ሙስሊሙም ቦታዬን አልለቅም ብሎ አብሮ ራሰ። ብርቱካን ሻጯ ሀጅራ ዘንቢሏን ራሷ ላይ ደፍታ ትጮኻለች፦

«የጅማ ልጆች! ኑ ብርቱካን ውሰዱ፤ ጎል እንደሆን አታገኙም!»

ካርድ የሚታየው ከሜዳው አጠገብ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው። ዳኛው አቶ ደመላሽ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ መነጽሩን በክር ያሰረ ቀጭን ሰው ነው። በአንድ ወገን የጅማው ጸሐፊ፣ ሽማግሌው አቶ ተክለማርያም፣ ካቦርታቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠዋል፤ በሌላው ወገን አቶ እንግዳና አመለወርቅ።

ዳኛው እንግዶቹን አስቀደመ። የመጀመሪያውን የጅማ ካርድ አየ፣ ሁለተኛውን አየ፣ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ እንደገና አየ።

«አቶ ተክለማርያም፣ ይህ ካርድ ነሐሴ ሠላሳ አልቋል።»

ሽማግሌው አንገታቸውን አስግገው አነበቡ። ፊታቸው ቀስ ብሎ ቀላ።

«ወይ ጉድ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደመወዝ ስሠራ ጳጉሜን ጽፌ አላውቅም እኮ!»

አመለወርቅ ሳታስበው ሳቀች፤ ሳቋ ከደረቷ ሲወጣ አመማት። አቶ ደመላሽ እጁን ዘርግቶ ከዲላ ካርዶች የታችኛውን መዘዘ። እሱም ነሐሴ 30 ነው። ሌላ መዘዘ። እሱም።

«እንግዲህ ዛሬ እዚህ ሜዳ ላይ ካርድ ያለው ሰው የለም ማለት ነው» አለ ዳኛው፤ እሱም ፈገግ አለ። «ሁለታችሁም እኩል ስለሆናችሁ ማንንም አልቀጣም። ቆጥሬ ልጨርስና ግቡ።»

አቶ እንግዳ ወንበሩ ላይ ተደላደለ። አመለወርቅ መቆጠሩን በዓይኗ ተከተለች። ዐሥራ ሦስት፣ ዐሥራ አራት፣ ዐሥራ አምስት። የላይኛው ቀረ። እጇን ልትሰድድ ፈለገች፤ ምን ብላ?

ዳኛው ካርዱን ወደ መስኮቱ አነሣው። የቀኑ ብርሃን በተፋቀው ቦታ አለፈ።

«ይህን ማን ነካው?»

አቶ እንግዳ ጣሪያውን ያይ ጀመር።

«እኔ ነኝ» አለች። «ተጫዋቹ አያውቅም። ቅጣት ካለው የእኔ ነው።»

«እሜቴ፣ ካርዱ ላይ ያለው የእርስዎ ፎቶግራፍ አይደለም።»

«ይለፍ፣ አቶ ደመላሽ» አሉ ሽማግሌው። «እኛ ቅሬታ የለንም።»

«እርስዎ ቅሬታ ባይኖርዎት እኔ ሪፖርት አለብኝ። የተፋቀ ሰነድ ይዤ በረኛ አላስገባም።»

«ባልነካው ኖሮስ?» አለች አመለወርቅ።

«ባይነኩትማ እንደ ሌሎቹ ይጫወት ነበር» አለ ዳኛው፤ ቁጥሩን ማስታወሻው ላይ ጽፎ ካርዱን መለሰላት።

ይርጋ በር ላይ ተጎንብሶ ጫማውን እያሰረ ነበር። ነገረችው። የነገረችው በሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። እሱ የጫማውን ማሰሪያ ፈታ።

«የሌሎቹን አልነካሽም?»

«አልነካሁም።»

«የእኔን ብቻ?»

«የአንተን ብቻ።»

ማልያውን አውልቆ ለተጠባባቂው በረኛ ለልብስ ሰፊው ለኃይለኢየሱስ ወረወረለት። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ ሳቀ፤ ሳቁ ጠዋት ከጓዳ የሰማችው ዓይነት ነው።

«ሰው ሁሉ ነሐሴ ላይ ሲያልቅበት ለእኔ አምስት ቀን ጨመርሽልኝ!»

ማልያው ኃይለኢየሱስን ጉልበቱ ድረስ ደረሰው። ጅማዎች ይህን ሲያዩ ከሩቅ ከቅርብ ይመቱበት ጀመር። ኳሱ ውኃ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ ከብዷል። አመለወርቅ ከመስመሩ ዳር ቆማ መቀመጥም መሄድም አቃታት፤ ወደ ማእዘኑ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ እንደገና ትሄዳለች። ይርጋ ጭቃው ላይ ተቀምጦ ለኃይለኢየሱስ ይጮኻል፦ «ውጣ! አሁን ውጣ! ተመለስ!»

«ልኩን ውሰድለት፣ ሰፊው!» ትላለች ሀጅራ ኳሱ በመጣ ቁጥር። «ወገቡን! ወገቡን ለካው!»

አንዱን በደረቱ መለሰ፣ አንዱ ከቋሚው ጋር ተላትሞ ወጣ፣ አንዱን ሸርተት ብሎ ወድቆ በእግሩ አገኘው፤ እንዴት እንዳገኘው እሱም አያውቅም። ፊሽካው ሲነፋ ዜሮ ለዜሮ ነበር። ዲላ ሊጉ ውስጥ ቆየ። ሕዝቡ ኃይለኢየሱስን ከነጭቃው ተሸክሞ ዋናውን መንገድ ይዞ ሄደ። ከተሸከሙት አንዱ ይርጋ ነበር።

የዳኛው ሪፖርት መልስ በመስከረም መጨረሻ መጣ፤ ይርጋ በሰነድ መፋቅ አንድ ዓመት ታግዷል። አመለወርቅ ደብዳቤውን ይዛ አቶ እንግዳ መጋዘን ሄደች። ሚዛኑ አጠገብ ኃይለኢየሱስ ቆሟል፤ ሲያያት አንገቱን ደፋ።

«ቃል ገብተው ነበር፣ አቶ እንግዳ።»

«ገብቻለሁ። ለበረኛ ነው የገባሁት፤ በረኛው ደግሞ ያውልሽ። ይርጋ ቅጣቱን ይጨርስና እናያለን።» ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምነው ልጄ፣ ካርዱን ሳትነኪ ብትተዪው ኖሮ?»

ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች።

በጥቅምት ቡናው ደረሰ። ይርጋ ሰኞ ወደ ኮንጋ፣ ረቡዕ ወደ አሪቻ ይወጣል። ሲነሣ ጡሩንባውን ሁለት ጊዜ ይነፋላታል። እሷም ወደ መሥሪያ ቤቷ ትገባና ጆሮዋን መንገዱ ላይ ጥላ ትውላለች። ስለ ካርዱ አንድም ቀን አልወቀሳትም። አንዳንድ ጊዜ ሲመሽበትና በር ላይ ቆማ ስትጠብቀው፣ «ምን ያስጨንቅሻል? አምስት ቀን ትርፍ አለኝ እኮ» ይላታል።

ሊጉ መዘጋቱን የሚገልጸው ደብዳቤ በየካቲት ወር ደረሰ። በመጓጓዣ ችግር ምክንያት ውድድሩ መቋረጡን፣ በተጫዋቾች ላይ የተጣሉ ቅጣቶች በሙሉ መነሣታቸውን፣ ካርዶቹም እንዲመለሱ ይላል። ይርጋ ከኮንጋ ሲወርድ ከሞተ አምስተኛ ሳምንቱ ነበር።

አመለወርቅ ጥቁር ልብሷን ለብሳ የጽሕፈት መኪናው ፊት ተቀመጠች። ደብዳቤው መድረሱን ጻፈች፣ ፈረመች፣ ማኅተም አደረገች። ዐሥራ አምስቱን ካርዶች ፖስታ ውስጥ ከተተች። ዐሥራ ስድስተኛው የት አለ ቢሏት የምትሰጠውን መልስ አዘጋጅታ ነበር፤ የጠየቃት ሰው ግን የለም።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዳገቱ ጋ አንድ የጭነት መኪና ማርሽ ሲቀይር ተሰማ። ብዕሯን አቆመች። መኪናው እስኪያልፍ ጠበቀች፤ ከዚያ በኋላ ፖስታው ላይ አድራሻውን ጻፈች።