ለአምስት ተጎታች ቤቶች የሚበቃ ሜዳ

በእርሻችን ላይ ሜዳ የሚባል አንድ ብቻ ነው፤ ወንዙ ዳር፣ በጎቻችን የሚወልዱበት። የልጅ ልጄ ሜረሪድ እዚያ ላይ አምስት ተጎታች ቤቶች ማሳረፍ አማራት። የእንግሊዝ ከተሜዎች ቤታቸውን በመኪና እየጎተቱ መጥተው ሳምንት ይሰነብቱና ከፍለው ይሄዳሉ። መሬቱ በእኔ ስም ስለሆነ ያለ ፊርማዬ አይሆንም።

«በሱፍ ብቻ የሚኖር ገበሬ አሁን የት አለ፣ አያቴ?» አለችኝ። «የሱፉ ዋጋ ለሸላቹም አይበቃም።»

«በር ከፍተው ይሄዳሉ። ውሻቸው ያረገዘች በግ ያባርራል። ልጃቸው ወንዝ ይገባል።»

«አንቺ ደግሞ ዝናብ ሳይመጣ ትረጥቢያለሽ! እሺ፣ ለፋሲካ አንድ ቤተሰብ ብቻ እንሞክር። ደህና ከሆነ ትፈርሚያለሽ። ካልሆነ ካርዲፍ ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ ሥራ አግኝቻለሁ፤ እሄዳለሁ።»

ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ እናቷን የቀበርኩትም እኔ። የካርዲፉን ነገር ከዛቻ አልቆጠርኩትም። የፈራሁት እንግዶቹን ነበር፤ እንግዳ የለመደ ልጅ ቤቱ ይጠበዋል።

ባልና ሚስት መጡ፤ ሃርየት የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ይዘው። መጥፎ ሰዎች ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። በር ይዘጋሉ፣ ያመሰግናሉ። አመሻሽ ላይ ሜረሪድ በእንግሊዝኛቸው ከእነሱ ጋር ስትስቅ በመስኮት እሰማለሁ። ከእኔ ጋር እንደዚያ ስቃ አታውቅም። ሃርየት ደግሞ ከግልገሎቹ አንዱን «ብስኩት» ብላ ስም አውጥታለት፣ ከአጥሩ አትነቃነቅም።

በሦስተኛው ቀን ብስኩት ሞቶ አገኘነው። ሌላ በግ ደግሞ በምጥ ሞታ ግልገሏ ያለ እናት ቀርቷል። እንዲህ ሲሆን የሚደረገው የታወቀ ነው፤ የሞተው ተገፍፎ ቆዳው እናት ላጣው ይደረብለታል፣ የሞተው ግልገል እናትም የልጇን ጠረን አሽትታ ታጠባዋለች። ሜረሪድ መኖ ልታመጣ ስትወጣ፣ «የጋጣውን በር ዝጊው አያቴ፤ ልጅቷ እንዳታይ» አለችኝ።

አልዘጋሁትም። ጠራኋት።

«ሃርየት፣ ነይ፣ ብስኩትን እዪው።»

እየሮጠች መጣች። እስከ አንገቱ ገፍፌዋለሁ፤ ቢላዋው በእጄ ነው።

«ተኝቶ ነው?»

«ሞቷል። ልብሱን ለሌላ ግልገል ልሰጥ ነው» አልኩና ቀጠልኩ። ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ አልጮኸችም። ቆማ እያየችኝ ሱሪዋ ላይ ሸናች።

ሜረሪድ ስትመለስ ሰዎቹ ዕቃቸውን ይጭናሉ። እናትየው በጆሮዋ ነገረቻት። ሜረሪድ ወደ ጋጣው መጣች።

«በሩ በራሱ ተከፈተ በይኝ። እባክሽ፣ እንደዚያ በይኝ።»

«እርሻ ነው። ያየችው እርሻ ነው።»

የተገፈፈውን ግልገል አየች። ከዚያ፣ «የእናቴ አስከሬን ሲወጣ ፊቴን በቀሚስሽ ሸፍነሽው ነበር» አለችኝ።

ሻንጣዋን ለማዘጋጀት ብዙ አልፈጀባትም። ባቡር ጣቢያ እናደርሳታለን አሉ። ከኋላ ወንበር ከልጅቷ አጠገብ ገባች፤ ተጎታች ቤታቸው እየተንገጫገጨ ተከተላቸውና ቁልቁለቱ ላይ ጠፋ። የሚፈረመው ወረቀት ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ነው። ሮጬ ብፈርመውስ ብዬ እስክሪብቶ ፈለግሁ፤ ማን ሊያየው?

ወደ ማታ በጊቱ እንግዳውን ግልገል ተቀብላ ማጥባት ጀመረች። ብርድ ስለነበር የሜረሪድን የሥራ ካፖርት ከመስቀያው አውርጄ ለበስኩና ወጣሁ። የሜረሪድ ውሻ ከጓሮ ጭራዋን እየቆላች በሩጫ መጣችብኝ። እጅጌውን አሸተተች፣ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያም ሄዳ መኪናው የወረደበት መንገድ ዳር ተኛች።