ትንፋሽ የሚሰማበት ቤት

ባሏን ጥላ ለመሄድ የቆረጠች ሴት ምን ትመስላለች ቢባል፣ ለብዙው ሰው የሚታየው ፊቷን አጥቁራ ዕቃ የምትወረውር ሴት ነው። ልብስ ሰፊዋ እንዲያ አልነበረችም። የዚያን ቀን ጠዋት የባሏን ሸሚዝ ተኩሳ፣ የላላ አዝራሩን አጥብቃ፣ ለመንገድ የሚሆን ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ነው ከቤት የወጣችው። ሻንጣዋ ግን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህቷ ቤት ተቀምጧል። የቀራት መናገሩ ብቻ ነበር፤ እሱንም ከጉብኝቱ ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ እነግረዋለሁ ብላለች። ሰው ስላለ አይጮኽብኝም ብላ አይደለም። ቢጮኽማ ደስ ባላት! ሰውዬው ጮኾ አያውቅም።

ጉብኝቱን ያሰበው እሱ ነው። ቧንቧ ሠራተኛ ነውና አንድ የሥራ ባልደረባው ስለ ቤቱ ሲያወራ ሰምቶ፣ "ያ ስመ ጥሩ አርክቴክት ለራሱ የሠራው ቤት ለጎብኚ ተከፍቷል። ግድግዳው ውስጥ ያለው ቧንቧ ጉድ ነው ይላሉ። ሄደን እንየው" አላት። ሚስቱን አየር ላስቀይር ብሎ ቧንቧ የሚያሳይ ሰው አለ? አለ፤ እሱ ነው። ቤተ መንግሥት ቢጋብዙት ዙፋኑን ትቶ የመታጠቢያ ቤቱን መውረጃ የሚያይ ሰው። ድሮ በዚህ ስቃ አትጠግብም ነበር።

ድሮ ማለት ልጃቸው በሕይወት ሳለች ነው። ስትወለድ ከመጠን ያለፈ ትንሽ ስለነበረች አባቷ "ጠብታ" አላት፤ ሰፈሩም ተከትሎ ጠብታ አላት፤ ወላጆቿም የጠብታ አባት፣ የጠብታ እናት ተብለው ቀሩ። ደረቷ ደካማ ነበር። ሌሊት ስትተነፍስ መጨረሻው ላይ እንደ መንጠቅ የሚያደርጋት ነገር ነበር፤ እናቷ ያቺን መንጠቅ ካልሰማች እንቅልፍ አይወስዳትም። በስምንት ዓመቷ፣ አንድ ንጋት ላይ፣ መንጠቋ ቀረች።

ከቀብሩ በኋላ ልብስ ሰፊዋ የልጅቷን ክፍል ቆለፈች፣ ቁልፉንም በክር አድርጋ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። እሷም አልገባችበትም። አቅም ከየት ይምጣ? በየማታው ግን በሩ ሥር ትቀመጣለች። ውስጥ፣ ከአልጋው በላይ፣ የጠብታ ሰዓት ተሰቅላለች፤ የጥንቸል ጆሮ ያላት፣ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ቢጫ ሰዓት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ትላለች። ዓመታት አለፉ፣ ሰዓቷ አላቋረጠችም። እናትየው "ልጄ እዚያ ውስጥ አለች" ብላ በአፏ አውጥታ አታውቅም፣ ያበደች እንዳትባል። በሆዷ ግን እንዲያ ነው። የድንጋዩ ነገር፣ አንድ ድንጋይ ይህን ሁሉ ጊዜ ይቆያል ወይ የሚለው ጥያቄ፣ መጥቶባት አያውቅም ቢባል ውሸት ነው፤ ብቅ ሲልባት ፊቷን ታዞርበታለች።

ባሏ በዚያ በር ሲያልፍ የጎረቤት በር ያለፈ ያህል ዞር ብሎ አያይም። የልጅቷ ስም ከለቅሶው ወዲህ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። እሷም የጠብታ አባት ማለቱን ተወችና "ስማ" ትለዋለች፤ እሱም "አንቺ" ይላታል። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? "የባልሽ ዝምታ ግን ቤታችሁን ነቅዞታል" ትላት ነበር እህቷ። የቆረጠችውም ለዚህ ነው፤ ልጇን ከረሳ ሰው ጋር አንድ ጣራ ሥር ማርጀት አልሆንላት አለ። ያልቆረጠላት አንድ ነገር ሰዓቷ ነበረች። ይዛት ለመሄድ በሩን መክፈት አለባት።

የአርክቴክቱ ቤት ኮረብታ ተደግፎ የተሠራ፣ ግራጫ፣ መስኮቱ ብዙ ነው። በራፉ ላይ አስጎብኚዋ፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ቀጭን ሴት፣ ለያንዳንዱ ጎብኚ ከጫማ በላይ የሚጠለቅ ለስላሳ ጨርቅ ሰጠች። "ለወለሉ ነው" አለች። የወለሉ እንጨት ዳነ፤ የሰዎቹ ኮቴ ግን ጠፋ። ያ ሁሉ ሰው ይሄዳል፣ አንድ እግር አይሰማም።

"ሌባ ሆነን ገባን እኮ!" አለች ከጎኗ የነበረች ጡረተኛ መምህርት። ሰዉ ሳቀ። ልብስ ሰፊዋ አልሳቀችም፤ እግሯን እያየች አንዴ ጠበቅ አድርጋ ረገጠች። ምንም አልተሰማም።

አስጎብኚዋ ትተርካለች። አርክቴክቱ ቤቱን የሠራው ለሚስቱና ለአንዲት ልጁ ነው። "በሮቹን ተመልከቱልኝ" አለች። እያንዳንዱ በር ሁለት እጀታ አለው፤ አንዱ እንደማንኛውም እጀታ፣ ሌላው ከሥሩ ዝቅ ብሎ። "ልጅቷ ማንንም ሳትለምን ያሻት ክፍል እንድትገባ ብሎ ነው።" የታችኛው ናስ በትንሽ መዳፍ ብዛት ተልጦ ያበራል። ልብስ ሰፊዋ ሰው ባየች ቁጥር በዓይኗ መለካት ልማዷ ነው፤ እጀታውንም ለካችው። የስምንት ዓመት ልጅ ክርን ልክ ነው። እጇ ሳታዘው ሄዶ ያዘው።

"አይነካም፣ እማማ" አለች አስጎብኚዋ በትሕትና።

ቶሎ ለቀቀችው። እጀታው ሞቆ ነበር። ፀሐይ መትቶት ይሆናል አለች በልቧ፤ ዞር ብላ ስታይ ግን ኮሪደሩ መስኮት የለውም። ባሏ ከወደ ጥጉ ተንበርክኮ ግድግዳውን በጣቱ ጫፍ ቆርቆር ያደርጋል። እንዲያ ሲያደርግ ስንቴ ብታየውም ያን ዕለት ግን አሳፈራት።

መኝታ ቤቱ ሰፊ ነው። ከአልጋው ራስጌ፣ ግድግዳው ላይ፣ እንደ ሰፊ ጽዋ ያለ የናስ አፍ ተገጥሟል።

"ሰው ሁሉ የሚመጣው ለዚህች ነው" አለች አስጎብኚዋ። "ልጅቷ ሕመምተኛ ነበረች። እናት ሌሊት ስትሠጋ ጊዜ አባትየው ከልጅቷ አልጋ እስከዚህ ድረስ በግድግዳው ውስጥ ቱቦ አሳለፈ። እናት ተኝታ የልጇን ትንፋሽ ትሰማለች። ልጅቷ ከሞተች በኋላም እናትየው እስክታረጅ ጆሮዋን ከዚህ አልነቀለችም። እሰማታለሁ ትል ነበር። ኑ፣ ተራ በተራ ስሙ።"

"ለግድግዳም ጆሮ አለው የተባለው ይኸው ነዋ!" አለች መምህርቷ፣ ሰምታም "ኧረ ነፋስ ነው" ብላ ለቀቀች። አንዱ ወራጅ ውሃ ነው አለ። ባሏ ተራው ሲደርስ አንገቱን ነቅንቆ ወደ ኋላ አፈገፈገ። እሷ ቀረበች። ጽዋው ጆሮዋን ብቻ ሳይሆን ጉንጯንና አፍንጫዋን ጭምር ያዘ፤ ናሱ ቀዝቃዛ ነው።

ትንፋሽ ነው። ገባ፣ ወጣ። ገባ፣ ወጣ፤ መጨረሻው ላይ ያቺ መንጠቅ።

ናሱን በሁለት እጇ ያዘችው። መምህርቷ ትከሻዋን ነካ እስክታደርጋት ድረስ አልተነቀለችም።

"አሁን ምሥጢሩን ልንገራችሁ" አለች አስጎብኚዋ፣ ይህን ቃል ብዙ ጊዜ እንዳለችው ያስታውቃል። "ቤቱ ሲታደስ ቱቦው መሐሉ ላይ በጂፕሰም ተደፍኖ ተገኘ። የደፈነው ባልየው ነው፤ የት እንደሚያልፍ ሌላ የሚያውቅ አልነበረም። ዝም ሲልባት ትተወዋለች ብሎ ነው። እሱ የረሳው ነገር፣ የተደፈነ ቱቦ ድምፅ ይመልሳል። ከዚያን ጊዜ በኋላ ስትሰማው የኖረችው የገዛ ትንፋሿን ነው።"

"ሳታውቅ?" አለች መምህርቷ።

"ሳታውቅ ሞተች።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላል ሰው። ክፍሉ ውስጥ ክርክር ተነሣ። መምህርቷ ሰውዬው ደግ አደረገ፣ ሴትዮዋ ልታብድ አልነበር ወይ አለች። ሌላው፣ ቢነግራት ይሻል ነበር አለ።

"ክፉ ሰው ነው።"

ሁሉም ዞረ። ተናጋሪው ቧንቧ ሠራተኛው ነው። "ብትሰማ ምን ነበረበት?" አለ፤ ድምፁ ወፍሯል። "ምን ቀማችው? ሰው እንዴት ይደፍንባታል?" ከዚያ ሰዉ እንዳየው ሲያውቅ አቀረቀረና የጫማውን ጨርቅ ማስተካከል ያዘ። ሚስቱ በዐይኗ ተከተለችው። ይህን ያህል ቃል በአንድ ትንፋሽ ሲናገር ከሰማችው ቆይታለች።

ሰዉ ሲወጣ እሷ ወደ ኋላ ቀረት አለች። ተመልሳ ጆሮዋን ደቀነች፣ አፏን ገጥማ ትንፋሿን ያዘች። የኔ ከሆነ ይቆማል አለች። አልቆመም። አንዴ ገባ፣ አንዴ ወጣ፣ ነጠቀ። ከዚያ ነው የቆመው። እየተደናበረች ወጣች።

የመጨረሻው ክፍል የልጅቷ ነበር። ትንሽ አልጋ፣ ዝቅ ያለ መስኮት፣ ግድግዳው ላይ ሰዓት። ሰዓቱ ቆሟል።

"እናትየው በነበረችበት ጊዜ ይሠራ ነበር" አለች አስጎብኚዋ። "በየጊዜው የምትሞላው እሷ ነበረች። ሰዓት ብቻውን አይሄድ፣ የሚሞላው ሰው ይፈልጋል።"

ልብስ ሰፊዋ አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጠች። ስትሸሸው የኖረችው የድንጋዩ ሐሳብ ፊት ለፊቷ መጥቶ ቆመ፤ ይህን ጊዜ ማዞሪያ አላገኘችም። ባሏን አየችው። እሱ ቧንቧ አያይም። ቆሞ ያን ሰዓት ያያል፣ የታመመ ሰው በሚታይበት አስተያየት።

አውቶቡሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ያጠናችው ንግግር ነበራት፤ "እኔና አንተ" ብሎ የሚጀምር። በሱ ፈንታ ወደ መስኮቱ እያየች፣ ነገሩን እንደ ዋዛ አድርጋ፣

"የዚያች ክፍል ሰዓት ሰሞኑን ወደ ኋላ ሳትቀር አልቀረችም" አለች።

"አትቀርም" አላት እሱም እንደ ዋዛ። "ክረምቱ ሳይገባ ድንጋዩን ቀይሬላታለሁ።"

ከዚያ ክው አለ።

ብዙ መንገድ ሄዱ። "ቁልፉ እኮ አንገቴ ላይ ነው" አለች በመጨረሻ።

"ገላሽን ስትታጠቢ ታወልቂዋለሽ።"

"ለኔ ብለህ ነው?"

"መጀመሪያ ለራሴ ነው።" እጆቹን ጉልበቱ መሐል አጣብቆ ይናገራል። "አንድ ቀን አንቺ ገበያ ወጥተሽ ሰዓቷ ቆመች። እኔ ሳሎን ነበርኩ። ቤቱ ጭጭ ሲል… በቃ፣ ለኔ ልጄ የሞተችው ያን ቀን ነው። ቀብሩ ላይ አላለቀሰም ብለሽ ታዝበሽኛል፤ አውቃለሁ። ያን ቀን አለቀስኩልሽ፣ በሩ ሥር ተደፍቼ። መጥተሽ ገላሽን ልትታጠቢ እስክትገቢ ቆሜ ጠበቅኩ፤ መጀመሪያ ድንጋይ የቀየርኩላት ያኔ ነው።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ ተራ ሰዓት ትሆንብሻለች ብዬ ፈራሁ።"

አለቀሰች። በሰው ፊት ነው፣ ግድም አልሰጣት። ስልኳ ጮኸ፤ እህቷ ናት። "ነገርሽው ወይ?" አለቻት በሹክሹክታ፣ ባልየው በዚያኛው ጫፍ የሚሰማት ይመስል።

"ኧረ እሱ ነው የነገረኝ" አለቻት። "ሻንጣዬን ነገ መጥቼ እወስዳለሁ።"

ቤት ሲደርሱ ገና ጨለምለም እያለ ነው። ኮታቸውን ሳያወልቁ በሩ ላይ ቆሙ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

"ትሰማለህ?"

"እሰማለሁ።"

ቁልፉን ከአንገቷ አወለቀች። በሩ ውስጥ ስትከተው እሱ እጁን በእጇ ላይ ደረበ፤ አብረው አዞሩት። መብራቱን አበራ። አልጋው፣ መጻሕፍቷ፣ የተንጠለጠለ ሹራቧ፣ ሁሉም እንዳለ ነው። ቀና አሉ።

ሰዓቷ ቆማለች። በጥንቸሉ ጆሮዎች ላይ አቧራ ተኝቷል፤ ሰኮንድ ቆጣሪዋም ንቅንቅ አትል። ከመቼ ወዲህ እንደቆመች ማን ያውቃል?

"አሁን በሩ ላይ ሆነን…" አለ እሱ።

"እኔም ሰምቻለሁ።"

እጁን ኪሱ ከተተ። አዲስ ድንጋይ ከኮቱ ኪስ አይጠፋም ነበር ለካ። አውጥቶ መዳፉ ላይ ይዞ፣ ፈቃድ እንደሚለምን ሰው ሚስቱን አያት። እሷ መዳፉን በቀስታ ዘጋችው።

"ተዋት፣ የጠብታ አባት" አለችው። "እሷም ትረፍ።"

እሱ ትንሿ አልጋ ላይ ዝርግፍ ብሎ ተቀመጠ። "እሺ፣ የጠብታ እናት" አለ፤ የልጁ ስም ከአፉ ሲወጣ ድምፁ ተሰበረ።

አጠገቡ ተቀመጠች። ቤቱ ጭጭ አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው እየሰሙት። የሁለቱ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል፤ ገባ፣ ወጣ፣ መጨረሻው ላይ አንዲት ትንሽ መንጠቅ። ከማን እንደወጣች ሁለቱም አልጠየቁም።