የሰርክአዲስ ግለ ሂስ

ሰርክአዲስ ካሕሳይን አትወደውም ነበር። ከራስ መኮንን ድልድይ ዝቅ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ አንድ ግድግዳ ተጋርተው ይኖራሉ፤ በቧንቧ ውሃ ተራ ከተጣሉ ወዲህ ግን የእግዜር ሰላምታም የላቸውም። ካሕሳይ ፒያሳ ወርቅ ሠሪ ነው፤ ዝምተኛ፣ ኩሩ፣ ይቅርታ የሚባል ቃል ከአፉ የማይወጣ የአክሱም ሰው። እሷ ደግሞ ባሏ ከሞተ ጀምሮ እዚያው ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ባንኮኒ ላይ ቆማ ማኪያቶ የምታወጣ፣ ነገር ከመጣባት የአራዳን ልጅ ሁሉ በአንድ ቃል አፉን የምታስይዝ ሴት ናት።

በ1970 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ካሕሳይን ከሱቁ ወሰዱት። ሲመሽ አናርኪስቶች እሱ ዘንድ ይሰበሰባሉ ተባለ። ማን አየ፣ መቼ አየ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ያን ሰሞን መጠየቅ ራሱ ያስጠይቅ ነበር። ሚስቱ ምብራት እናቷ ታማባት አክሱም ሄዳ፣ መንገድ ተዘግቶባት እዚያው ቀርታለች። የቀበሌው እስር ቤት ደግሞ እስረኛ አይቀልብም፤ የታሰረ የሚበላው ከቤቱ የሚመጣለትን ነው። ከካሕሳይ ቤት የሚመጣ ነገር አልነበረም።

ይህን የነገራት አርአያ የተባለው የቀበሌው ዘበኛ ነው። ጠዋት ሻይ ሊጠጣ ገብቶ፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ «ያ ጎረቤትሽ ሌሎቹ ከተረፋቸው ይቀምሳል። ካልተረፋቸው እንዲሁ ይውላል» አላት።

ሰርክአዲስ ከሥራ እንደወጣች ሽሮ ሠራች፤ በምሳ ዕቃ አድርጋ፣ በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። ቀበሌው ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ሊቀመንበሩ ገነነ ሽጉጡን ታጥቆ በሩ ላይ ቆሞ አየችው። እግሯ ተያዘ። ሽንኩርት እንደሚገዛ ሰው ወደ ጎን መንገድ ታጠፈች። ተመለሰች። ደግሞ ታጠፈች። አንዱ ልቧ ሂጂ፣ ሌላው ልቧ ተመለሺ እያላት እዚያች ጥግ ላይ ወዲያና ወዲህ ስትል ቆየችና ምሳ ዕቃውን እንደያዘች ቤቷ ገባች። ከዚያ ሽሮ አንድ ጉርሻ እንኳ ሊወርድላት አልቻለም።

በማግሥቱ አዲስ ሠርታ ሄደች። ገነነ ዛሬም በሩ ላይ ነበር። ሳትቆም አጠገቡ አልፋ ምሳ ዕቃውን ለአርአያ ሰጠችው። «ለካሕሳይ» አለች፣ ገነነ እንዲሰማት ድምጿን ከፍ አድርጋ። አርአያ ሽሮውን በሽቦ ወጋ ወጋ አድርጎ ፈተሸና አስገባላት። ከዚያ ወዲህ አላቋረጠችም።

ምክሩ ያኔ ጀመረ። የባሏ እህት እፀገነት እያለቀሰች መጣች። «እትዬ፣ ሰላም እንኳ ለማትዪው ሰው? እኔ ልጆች አሉኝ። ነገ ዘመዷ ናት ብለው ቢጠሩኝስ?» የኬክ ቤቱ ኃላፊ «ሰው እያየሽ ነው፣ ተይ» አላት። የንስሐ አባቷ መምሬ ተክለሃይማኖት ሳይቀሩ ጊዮርጊስ ቅጥር ግቢ ውስጥ አግኝተዋት፣ «ልጄ፣ ጸሎትም ስንቅ ነው። ቤትሽ ሆነሽ ጸልዪለት» አሏት።

«አባ፣ ጸሎቱን እርስዎ ያድርሱለት፤ ሽሮውን እኔ አደርሳለሁ» አለቻቸው።

እሑድ ቀን የቀበሌው ስብሰባ ነበር። ገነነ የዚያው ሠፈር ልጅ ነው፤ እትዬ ሰርክአዲስ እያለ፣ ቤቷ እየገባ እየወጣ ነው ያደገው። አሁን ግን በቀይ ጨርቅ ከተሸፈነ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል።

«ጓድ ሰርክአዲስ፣ ተነሺ» አለ። «ለአብዮቱ ጠላት ስንቅ ታመላልሻለሽ። ሰፊው ሕዝብ ግለ ሂስሽን መስማት ይፈልጋል። ይህን የምታደርጊው በማን ተጽዕኖ ነው?»

«በማንም።»

«የሚገፋሽ ከሌለ እግርሽ እንዴት ሄደ?»

«እግሬ የራሴ ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ዋጠው። የገነነ ፊት ጠቆረ። «ጓዶች፣ የንዑስ ከበርቴ ጠባይ ይሄ ነው» አለ ወደ ሕዝቡ ዞሮ። «እዚህ ከእኛ ጋር ትሰበሰባለች፣ ዞር ስንል ጠላት ታበላለች። ወላዋይ ማለት፣ መሀል ሰፋሪ ማለት እንዲህ ያለችው ናት። አቋምሽን አሁኑኑ ግለጪ።»

ሰርክአዲስ ነጠላዋን አስተካከለች። ድምጿ ባንኮኒው ላይ የምታውቀው ድምጿ ሆኖ ወጣላት።

«ግለ ሂስ አድርጊ ካላችሁኝ አደርጋለሁ» አለች። «እውነት ነው፣ ወላውያለሁ። የመጀመሪያው ቀን ሽሮ ይዤ ወጥቼ አንተን በሩ ላይ ሳይህ ፈራሁ። ያችን ጥግ ስዞር ስመለስ ቆይቼ ቤቴ ገባሁ። ያን ቀን ካሕሳይ ጦሙን አደረ። ጥፋቴ እሱ ነው። ሕዝቡ ይስማልኝ፣ ሁለተኛ አልደግመውም። ከዚያ ወዲህ የምሄደውና የምመለሰው ግን ሰው ስለራበው ነው። መመላለስና መወላወል አንድ አይደለም።»

«ተቀመጪ» አለ ገነነ።

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«ትታሰር የምትሉ እጃችሁን አውጡ።»

እጆች መነሣት ጀመሩ። አንዱ እስከ ጆሮው አንሥቶ እዚያው ጆሮውን ማከክ ጀመረ። ሌላዋ ሻሿን እንደምታስተካክል ሆነች። የግቢዋ ሰው ወይዘሮ ለተክርስቶስ ክንዷን እስከ አጋማሽ አድርሳ አወረደች፤ ገነነ ሲያያት አነሣች፤ ዓይኑ ሲያልፋት መልሳ አወረደች። ሰርክአዲስ ተራ በተራ አየቻቸው። ያየችው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ።

«በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» አለ ገነነ፣ ሳይቆጥር።

የሴቶቹ እስር ቤት ድሮ የአንድ ሀብታም ጋራዥ ነበር። ሰርክአዲስ ምግብ ይመጣልኛል ብላ አልጠበቀችም። በማግሥቱ ግን አርአያ ስሟን ጠራ። በሩ ላይ እፀገነት ቆማለች፤ ባለ ሁለት ደርብ ትልቅ ምሳ ዕቃ በሁለት እጇ አቅፋ።

«ለእትዬ ሰርክአዲስ ነው» አለችው አርአያን። ማን እንዳያት ለማየት ወደ ኋላዋ ዞር አለች። «የላይኛው ለእሷ ነው። የታችኛውን ለካሕሳይ ስጥልኝ።»

ሰርክአዲስን እስሩም ዘለፋውም አላስለቀሳትም ነበር። እንባዋ የመጣው ያኔ ነው።

ጠዋት ለመታጠብ ሲወጡ ካሕሳይን ግቢው ውስጥ አገኘችው። ጢሙ አድጓል፣ ኮቱ ሰፍቶታል። ቆም ብሎ፣ «ወይዘሮ ሰርክአዲስ፣ በእኔ ምክንያት ታሰሩ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላት።

«በእርስዎ ምክንያት አይደለም፣ አቶ ካሕሳይ። እንዳይኮሩብኝ» አለችው።

ሳቀ። ጎረቤት ከሆኑ ጀምሮ ሲስቅ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር።

ከገና በፊት ገነነ ቢሮው አስጠራት። «አንዲት ቃል ናት። ተሳስቻለሁ በይ፣ ዛሬውኑ ቤትሽ ትገቢያለሽ።»

«የተሳሳትኩትን ሕዝብ ፊት ነግሬሃለሁ። ሌላ የለኝም።»

«እንግዲያው እዚሁ ትከርሚያለሽ።»

«ፍታኝ ብዬ መች ለመንኩህ?»

መልሰው ወሰዷት። ብዙም ሳይቆይ ግን ያለ ምንም ቃል ለቀቋት። ለምን እንደሆነ የነገራት የለም። ከበላይ ታዝዞ ነው ያለ ነበር። ከእፀገነት ቀጥሎ ወይዘሮ ለተክርስቶስ፣ ከእሷ ቀጥሎ ሌሎች የሠፈሩ ሴቶች ጠያቂ ለሌላቸው እስረኞች እንጀራ ማምጣት ጀምረው፣ የቀበሌው በር ሰልፍ በሰልፍ ስለሆነ ገነነ ፈርቶ ነው ያለም ነበር። እሷ ለማጣራት አልቆየችም። ቤቷ ገብታ ገላዋን ታጠበች፣ ሽሮዋን ጣደች፣ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ በዚያው በር ላይ ምሳ ዕቃ ይዛ ቆመች። አርአያ ሲያያት ራሱን ነቀነቀ፤ ሽቦውን ሳያነሣ ተቀበላት።

ካሕሳይ ግንቦት ላይ ተፈታ። መንገድ ሲከፈት አክሱም ሄዶ ምብራትን ይዟት መጣ።

ገነነ ከሊቀመንበርነቱ የወረደው ከዓመታት በኋላ ነው። አንድ ዝናባማ ከሰዓት ኬክ ቤቱ ገብቶ ባንኮኒው ላይ ተደገፈ። ሽጉጥ የለውም፣ ጓድ የሚለው የለም።

«እትዬ ሰርክአዲስ፣ እስቲ አንድ ማኪያቶ» አላት።

አወጣችለት። ስኳሩን ሲያማስል ቆየ፤ ዓይኑን ከብርጭቆው ሳያነሣ፣ «ያኔ እኮ ጊዜው ነው፣ እትዬ። ሰው በጊዜው ይገፋል» አለ።

«ጊዜውማ እኔንም ገፍቶኝ ነበር» አለችው። «እጅ አስወጥቶ ያሰረኝ ግን ጊዜው አይደለም፣ ገነነ። አንተ ነህ።»

ማኪያቶውን ጠጥቶ፣ ሒሳቡን አስቀምጦ ወደ ዝናቡ ወጣ። ሰርክአዲስ ብርጭቆውን አነሣችና ወረፋ ለሚጠብቀው ሰው፣ «እርስዎስ ምን ልስጥዎ?» አለች።