በሁዳዴ የተዘጉት ቫዮሊኖች

እኔ ቁጡ ነኝ። ይህን ራሴ አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ ከሰው ብትሰሙት ሐሜት ይመስላችኋል። እናቴ እንኳ «ትርሲት ስትወለድ ያለቀሰችው ተናድዳ ነው» ትላለች። የዘንድሮውን ንዴቴን ግን ማንም በጠባዬ እንዳያሳብብ። የዘንድሮው ምክንያት ነበረው፤ ስሙም አቶ አወቀ ይባላል።

ጓሳ ከሚባለው ብርዳማ የሣር መስክ ዳር ባለች አንዲት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ልጆቹ ክፍል ውስጥ የበግ ጠጉር ባናቸውን ተከናንበው ነው የሚማሩት፤ እኔም ጠመኔ የምይዘው በጓንት ነው። እዚህ ድረስ ነው እንግዲህ ባለፈው ዓመት አንድ ፕሮጀክት የመጣው። የገጠር ልጆችን ከክላሲካል ሙዚቃ ጋር ያስተዋውቃል ተባለ። ፕሮጀክቱ ሰባት ቫዮሊን ያመጣል፣ ለአንድ ክረምት አሠልጣኝ ይልካል፤ ኅብረተሰቡ ደግሞ የሙዚቃ ቤት ይሠራል። «አጋርነት ማለት ይህ ነው» አለ አስተባባሪው አቶ አወቀ፣ በስብሰባው ላይ። አጋርነት የምትባለዋን ቃል በጣም ይወዳታል። በዚያ ንግግር ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳነሣት መቁጠር ሰልችቶኝ ተውኩት።

ሕዝቡ ግን ቃሉን አመነ። ድንጋይ ተሸክሞ ግድግዳ አቆመ። ክዳኑ ላይ ሲደርስ ነገሩ ከበደ፣ ምክንያቱም ጓሳ በዚያን ጊዜ ዝግ ነበር። ለማያውቅ ልንገር፤ ጓሳ የሁላችንም ነው። ሣሩ ቤት ይከድናል፣ ከብት ያበላል፣ ገመድ ይሆናል። ስለዚህ አገሩ ተስማምቶ ይዘጋዋል። ከተዘጋ ደግሞ ተዘጋ ነው፤ ሀብታም የለ፣ ሹም የለ፣ ማንም ማጭድ ይዞ አይገባም። ሣሩ ሲደርስ ቀን ይቆረጥና በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይነገራል፤ ያኔ ሁሉም በአንድ ላይ ይገባል። ለዚያች የሙዚቃ ቤት ሲሉ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ከዝጉ ሣር ጥቂት ሸክም ፈቀዱ። ያስፈቀዱት ጋሽ ገሠሠ ናቸው፤ ጓሳን ከሚያስጠብቁት ሽማግሌዎች አንዱ፣ የአራተኛ ክፍሏ ተማሪዬ የእፀገነት አባት። ለገዛ ቤታቸው ክዳን ለምነው የማያውቁትን ሣር ለቫዮሊን ለመኑ።

አሠልጣኙ መጣ፤ ደግ ልጅ ነበር። ክረምቱን ሙሉ እኔንም ልጆቹንም አስተምሮን ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ አስተማሪዋ እኔ ሆንኩ፣ ከልጆቹ አንድ ገጽ እየቀደምኩ። መጀመሪያ የምናወጣው ድምፅ ዘይት ያጣ የበር ማጠፊያ እንጂ ሙዚቃ አልነበረም፤ የመንደሩ ውሾች ያላዝኑብን ነበር። ኅዳር ላይ ግን እፀገነት አንዲት አጭር ዜማ ከላይ እስከ ታች ሳትሰናከል ተጫወተች፤ ከሞተ ብዙ ዘመን የሆነው አንድ ፈረንጅ የደረሳት ናት። ስትጨርስ አንዱ ልጅ እጁን አወጣና «መምህርት፣ ይሄ ሰውዬ ማን ሞቶበት ነው?» አለኝ። አላውቅም አልኩት፤ ጥያቄው በዚያው ቀን መንደሩን ዞረ። ኩራቴ ግን ከደረቴ በላይ ሆነ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ አድማጭ ከተማም ቢሆን በቀላሉ አይገኝም።

ልጆቹ በአደባባይ የሚጫወቱት ጥር ላይ ነው ተብሎ ነበር። ጥምቀት አልፎ፣ እህሉ ገብቶ፣ ሠርጉ ሞቅ ባለ ጊዜ። ጥር መጣ፤ አወቀ ስልክ አያነሣም። ጥር ሄደ፤ አሁንም አያነሣም። ሁዳዴ ከተያዘ በኋላ በራሱ ጊዜ ደወለ።

«መጋቢት ላይ እንግዶች ይዤ እመጣለሁ፤ ለጋሾቻችን ናቸው። ልጆቹን አዘጋጂያቸው» አለኝ። እሱ አንቺ ሲለኝ እኔም አንተ አልኩት።

«መጋቢትማ ሁዳዴ ነው፤ አታውቅም?»

«እና?»

እና አለኝ። አንገቱ ላይ ማተብ አለ፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ እና ነው የሚለኝ። «በሁዳዴ እዚህ አገር ዘፈን የለም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከበሮው አርፏል» አልኩት።

«ክላሲካል እኮ ዘፈን አይደለም።»

«ለእኔ ሳይሆን ለወላጆቹ መጥተህ ንገራቸው። ካልሆነ ከፋሲካ በኋላ አድርገው።»

«የእንግዶቹ ትኬት ተቆርጧል፤ አይለወጥም። ኅብረተሰቡን ማሳመን ያንቺ ሥራ ነው» ብሎ ዘጋው።

ስልኩን ከግድግዳ ጋር ላጋጨው ምንም አልቀረኝ። እውነቱን ለመናገር ግን እኔም ልጆቹ እንዲጫወቱ እፈልግ ነበር። ስለዚህ ጋሽ ገሠሠ ዘንድ ሄድኩ። በረታቸው ደጃፍ የበግ ጠጉር ሲሸልቱ አገኘኋቸው።

«በገና በሁዳዴ ይደረደር የለም እንዴ?» አልኳቸው።

«በገና ጸሎት ነው» አሉ እጃቸውን ሳያቆሙ። «ያንቺ ቫዮሊን ምንድን ነው?»

ጸሎት ነው ብል መዋሸት ነው፤ ዘፈን ነው ብል ያንን የሞተበትን ሰውዬ መስደብ መሰለኝ። «አላውቅም» አልኩ።

«እንግዲያ እስክናውቀው ይረፍ። ፋሲካ እንደሆነ ይመጣል።»

በእሳቸውም ተናድጄ ወጣሁ፣ አልዋሽም። መንገድ ላይ ሳስበው ግን እሳቸው ቢያንስ ጠይቀውኛል። አወቀ አንድ ቀን እንኳ አንድ ነገር ጠይቆን አያውቅም።

ለአወቀ ደውዬ ወላጆቹ ለፋሲካ ይሁንልን ብለዋል አልኩት። በማግስቱ ርዕሰ መምህራችን አቶ ቢያድግልኝ ቢሮው አስጠራኝ። ዓይኔን አያየኝም። «አቶ አወቀ ደውሎ ነበር» አለኝ። «ኅብረተሰቡ ለክላሲካል ሙዚቃ ፍላጎት እንደሌለው ለበላዮቹ አሳውቋል። ቫዮሊኖቹ ፍላጎት ወዳለው የከተማ ትምህርት ቤት ይዛወራሉ። ሐሙስ መኪና ይመጣል፤ የሙዚቃ ቤቱን ቁልፍ ስጪኝ።»

ደሜ ፈላ። ፍላጎት የለውም? ዝግ ሣሩን አጭዶ ቤት የከደነላቸው ሕዝብ ፍላጎት የለውም? ይህን ሁሉ ቢያድግልኝ ላይ ጮህኩበት። «እኔ ምን ላድርግ፣ ትእዛዝ ነው» አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከበላይ ስልክ ሲደወልለት ተነሥቶ የሚቆም ሰው ነው እንጂ።

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ቤት ረስቼዋለሁ አልኩትና በቀጥታ ጋሽ ገሠሠ ዘንድ ሄድኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። እፀገነት ከምሰሶው ሥር ቁጭ ብላ ትሰማ ነበር። አላለቀሰችም። የግራ እጇ ጣቶች ብቻ የቀኝ ክንዷን እንደ ቫዮሊን ጅማት ይጫኑ ነበር፣ አንዱን ለቀው ሌላውን። አባቷም አዩዋት።

«ፋሲካ ድረስ ይቆይ አልን እንጂ ይውሰዱት አልን?» አሉኝ።

«ፍላጎት የላችሁም ነው የሚለው።»

«ቁልፉን አምጪው» አሉ። ከማተባቸው ጋር አሰሩትና ሽማግሌዎቹን ሊጠሩ ወጡ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ መኪናው ደረሰ። አወቀ ከሹፌሩ ጋር ወረደ፤ ቢያድግልኝም ከቢሮው እየሮጠ መጣ። ሽማግሌዎቹ ባናቸውን ተከናንበው በሙዚቃው ቤት ደጃፍ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ጋሽ ገሠሠ በሩን ተደግፈዋል። እኔ ማስተማር ነበረብኝ፤ ነገር ግን ተማሪዎቼ በሙሉ መስኮት ላይ ተንጠልጥለው ማንን ላስተምር?

«አባት፣ ቫዮሊኖቹን ልንወስድ ነው የመጣነው» አለ አወቀ።

«ተዘግቷል ጌታው» አሉ ጋሽ ገሠሠ።

«እሱንማ አያለሁ፤ ቁልፉ ይምጣ።»

«በሩን አይደለም የምልዎት። ቫዮሊኑን ነው የዘጋነው፣ እንደ ጓሳ። ከፋሲካ በፊት ልጆቹም አይነኩት፣ እኔም አልነካው፣ እርስዎም አይነኩት።»

«ንብረቱ እኮ የፕሮጀክቱ ነው።»

ጋሽ ገሠሠ ቀና ብለው ክዳኑን አዩት። «ሣሩስ የማን ነው? አጋር ነን ብላችሁናል። እኛ አገር አንዱ በሬውን አንዱ መሬቱን ያመጣና የእኩል ያርሳሉ። የእኩል ያረሰ ሰው እህሉ ሳይደርስ በሬዬን ብሎ ፈትቶ አይሄድም። ከሄደም ከዚያ በኋላ አብሮት የሚያርስ አያገኝም።»

«ፍላጎት ከሌላችሁ እኮ...»

«ማነው የለም ያለዎት?» ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ጓሳን የምንዘጋው ሣር ጠልተን ነው? የማንፈልገውን ነገር ምን ብለን እንዘጋለን? ለመጣው ሁሉ ክፍት አድርገን እንተወው ነበር።»

ሽማግሌዎቹ ከደጃፉ ንቅንቅ አላሉም። አወቀ ቢያድግልኝን አየው፤ ቢያድግልኝ ጫማውን አየ። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ። አወቀ በፖሊስ እንደሚመለስ እየዛተ ሄደ። ፖሊስ አልመጣም። ለእኔ ግን ቁልፍ በመደበቅ የሚል ማስጠንቀቂያ መጣልኝ፤ ወስጄ ምድጃዬን ለኮስኩበት።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ዝግ ሆነ። እኔ በሆዴ፣ ኋላ ዞር ብለው ለልጆቹ ይከፍቱላቸዋል ብዬ ነበር። ምን ሲደረግ። እፀገነት አንድ ቀን እረፍት ሰዓት ላይ መጥታ «አባቴን ለደቂቃ ብቻ ብዬ ለመንኩት። ለሰውዬው የተዘጋው ለእኔም ተዘግቷል አለኝ» አለችኝ። እንደገና ቅጥል አልኩ። ልጅቷ ምን አጠፋች? ጋሽ ገሠሠን መንገድ ላይ አስቁሜ ይህንኑ ጠየቅኋቸው። «ለልጄ ብከፍት ነገ ለእሱስ ምን ብዬ እዘጋለሁ?» አሉኝ። ንዴቴ ግን አልበረደም።

ፋሲካ አለፈ። የዳግም ትንሣኤ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ቫዮሊኑ ዛሬ ይከፈታል ተብሎ በደጀ ሰላሙ ተነገረ፣ ልክ እንደ ጓሳ። ሕዝቡ በሙሉ እየጎረፈ መጣ። ከሕዝቡም ፊት ማን ነበር? አወቀ። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ሁለት እንግዶችና አንድ ካሜራ ይዞ። አይለወጥም የተባለው ትኬት ለካ ይለወጣል። ግድግዳው ላይ ሊሰቅለው የዘረጋው ጨርቅ «ከኅብረተሰቡ ጋር በመመካከር» ይላል። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሞላሌ ከተማ ደርሶ ኖሯል፣ ሕዝቡ ቫዮሊን ጠበቀ የሚል።

ቀድሞ ገብቶ ጨርቁን ሊሰቅል ሲል ጋሽ ገሠሠ በዱላቸው አገዱት። «ሲከፈት ሁሉም በአንድ ላይ ነው የሚገባው፣ ጌታው» አሉት። ቆመ።

ብርዱ ቫዮሊኖቹን ከቅኝታቸው አውጥቷቸዋል፤ የአንደኛው ጅማትም ተበጠሰብን። በስድስቱ ተጫወትን። ጥሩ አልነበረም፣ ምን ልዋሽ፤ ጣታቸው ደርቋል፣ ሁለቱ ልጆች መሐል ላይ ዜማው ጠፋባቸው። በመጨረሻ እፀገነት ብቻዋን ቆመችና ያቺን አጭር ዜማ ተጫወተች። ለካ ሁዳዴን ሙሉ በክንዷ ላይ ስታጠና ከርማለች። አንዲት ድምፅ አልሳተችም። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ጋሽ ገሠሠ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙና ሲያልቅ ወደ እኔ ዘንበል ብለው «እውነትም ሰውዬው ሞቶበታል» አሉኝ።

ይህን ጊዜ አወቀ ብድግ አለ። «በጣም ጥሩ ነው። እፀገነት፣ ካሜራው ስላልያዘው አንድ ጊዜ ትደግሚዋለሽ። ወደ ጨርቁ ጠጋ በይ።» ለእንግዶቹም በእንግሊዝኛ፣ ይህ ሁሉ የእኛና የኅብረተሰቡ የቅርብ አጋርነት ፍሬ ነው እያለ ያስረዳል። አንዷ ሽበት ያላት ሴት በአክብሮት ራሷን ትነቀንቃለች። ከዚያ በላይ መታገሥ አልቻልኩም፤ ልነሣ ስል እፀገነት ቀደመችኝ። ቫዮሊኗን በብብቷ እንደያዘች ወደ ሴትዮዋ ዞረችና ቃል በቃል እየለቀመች፣ እኔ ባስተማርኳት እንግሊዝኛ፣ «ይህ ሰው ቫዮሊኖቻችንን ሊወስድብን መጥቶ ነበር። አባቴ በር ላይ ተቀመጠ» አለቻት።

አወቀ ሣቀ፤ ልጅ ናት፣ ቋንቋው ገና ነው አለ። ሴትዮዋ ግን እሱን አላየችም። እኔን አየችኝ። «እውነት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አዎ» አልኳት። «ፍላጎት የላቸውም ብሎ።»

ሴትዮዋ ካሜራ ለያዘው ሰው በእጇ ምልክት ሰጠችው፤ ካሜራው ወረደ። ሄዳ ከሴቶቹ ጋር መደብ ላይ ተቀመጠች። አወቀ የጨርቁን አንድ ጫፍ እንደያዘ ቆሞ ቀረ፤ ማንም ሌላውን ጫፍ አልያዘለትም።

ልጆቹ ቫዮሊኖቹን ወደ ሣጥናቸው መለሱ። ጋሽ ገሠሠ ቁልፉን ከማተባቸው ፈትተው በሕዝቡ ፊት እጄ ላይ አኖሩት።

«እስከሚመጣው ሁዳዴ ያንቺ ነው» አሉኝ። «ያኔ መልሰን እንዘጋዋለን።»