ለሚጢጢ የሚነገር ፊልም

ሃያሲዋ ምላሷ አይጣል ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በሬዲዮ ስትቀርብ የጃፓን አኒሜሽን ሠሪዎች ቢሰሟት እርሳሳቸውን ጥለው በጠፉ ነበር። በተለይ አንዱን ሽማግሌ ዳይሬክተር ከያዘች አትለቀውም። «ሴት ልጆቹ ሁሉ ያው ናቸው፤ አዋቂ ያበላሸውን እንዲያቃኑ ይፈረድባቸዋል። ደሞ ለዛፍ እያለቀሰ የራሱን ሠዓሊዎች ወገባቸው እስኪቆረጥ ያሠራል!» ትላለች። እውነቷን ነው፣ ምን ይደረግ።

የሽማግሌው የመጨረሻ ፊልም ሲኒማ ቤት ገባ ሲባል ታናሽ እህቷ ሚጢጢ ደወለችላት። ሚጢጢን ስኳር በሽታ የዓይኗን ብርሃን ነስቷታል። ከዚያ ወዲህ ከቤት አውጡኝ፣ ውሰዱኝ ብላ ማንንም አስቸግራ አታውቅም።

«እታለም፣ ወደ ፊልሙ ውሰጂኝ። አንቺ ትነግሪኛለሽ፣ እኔ አያለሁ። እንደ ልጅነታችን።»

በልጅነታቸው የሽማግሌውን ፊልሞች ጎረቤት ቤት በቪዲዮ ያዩ ነበር። ቋንቋው ስለማይገባቸው ታላቅየዋ ንግግሩን ከራሷ እየፈጠረች ታወራለች፣ ሚጢጢ በሳቅ ትንፈራፈራለች።

«ምን ችግር አለው፣ ሥራዬ አይደል!» አለች ሃያሲዋ። ለእህቷ ነፍሷን ብትሰጥ አይቆጫትም፤ ይሄ ይታወቅላት።

መብራቱ ጠፋ። ሚጢጢ የእህቷን እጅ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። «እሺ፣ ምን ይታያል?»

«እንደ ልማዱ በመስክ ይጀምራል።»

«ምን ዓይነት መስክ?»

«መስክ ነዋ! የድሮውን ነው የደገመው። ልጅቷ መጣች... ይኸው፣ አላልኩሽም? ይቺም እናት የላትም።»

«ምን ለብሳለች?»

ሃያሲዋ ከማስታወሻዋ ቀና ስትል ልጅቷ አልፋለች። «አላስተዋልኩም።»

«ፊቷስ? ታሳዝናለች?»

እዚህ ላይ ምላሷን በያዘላት! «እንድታሳዝንሽ ነው የተሳለችው። ችግሩም እሱ ነው» አለች።

ሚጢጢ እጇን ቀስ አድርጋ ወሰደች።

ከሚጢጢ በወዲያ በኩል አንድ ወፍራም ሰውዬ ተቀምጦ ለእናቱ ያወራል። «ቢጫ ቀሚስ ነው የለበሰችው እማዬ፣ ጫፉ ተተርትሯል። ጫማው የአባቷ መሰለኝ፣ በየእርምጃዋ ይወልቃል። ውይ! አንዱን ጭቃው ያዘው!»

ሃያሲዋ ሲኒማ ቤት ውስጥ የሚያወራ ሰው ጠላቷ ነው። በእህቷ ላይ ዘንበል አለችና «ኧረ ዝም በል፣ ሰው ፊልም እያየ ነው!» አለችው።

ሰውዬው ተሸማቀቀ። «ይቅርታ እህቴ፣ እማዬ ከሥር የሚወጣውን ትርጉም ማንበብ አትችልም ብዬ ነው።» ዝም አለ።

«ወንድሜ፣ በእናትህ አትተወው!» አለች ሚጢጢ፣ ሰው ሁሉ እስኪዞር። «ጫማዋ ወጣላት?»

ሰውዬው ትንሽ አመነታና «ወጣላት፣ ግን እሷ ቂጧ ላይ ዘጭ አለች» አለ። ሚጢጢ ሳቀች። ስንት ጊዜዋ ነው እንዲያ ከሳቀች! መላ ሰውነቷን ወደ ሰውዬው አዞረች፤ ለእህቷ የቀረላት ጀርባዋ ነው።

ሃያሲዋ የጻፈችውን ሁሉ፣ ያወቀችውን ሁሉ ረስታ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። «ሚጢጢዬ፣ እዪ፣ ሰማዩ ቀላ። ወፎች አሉ፣ ብዙ ወፎች፣ ልጅቷም እጇን ወደ ላይ...» አለች።

ሚጢጢ ፊቷን ሳታዞር የእህቷን ጉልበት በፍቅር መታ መታ አደረገች። ብትቆጣት ይሻል ነበር።

«እታለም፣ ዝም በይልኝ» አለቻት፤ «እያየሁ ነው።»